ክላምኤቪ አፕዴት አላደርግ ሲል ምን ይደረግ? ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች

አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ወይም ፒያሳ ያለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚያስተናግድ ባለቤቱም አይቆጥረውም። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ ተማሪ፣ የጨረታ ሰነድ የያዘች ጸሐፊ፣ ሲቪውን ሊያስተካክል የመጣ ሥራ ፈላጊ፣ ሁሉም ፍላሹን የሚሰካው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ጠዋት አንዱ ይዞት የገባውን ቫይረስ እስከ ማታ ድረስ ሌሎቹ ሁሉ ወደየቤታቸውና ወደየመሥሪያ ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ።

ለእንዲህ ዓይነት ቤት የምመክረው ይህን ነው፦ ከባንኮኒው አጠገብ ያለውን አንዱን ኮምፒውተር ኡቡንቱ የሚባለውን ነጻ ሲስተም በዊንዶውስ ፋንታ ይጫኑበት፣ ክላምኤቪን ያስገቡበት፤ ማንኛውም ፍላሽ ወደ ዊንዶውሶቹ ከማለፉ በፊት እዚያ ይፈተሽ። ክላምኤቪ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ቶማሽ ኮይም የጀመረው፣ ዛሬ የሲስኮ ታሎስ ቡድን የሚንከባከበው ክፍት ኮድ ያለው አንቲቫይረስ ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ በየዓመቱ የሚታደስ ቁልፍ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ክራክ ፍለጋ አያስኬድም። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ለብዙ ደንበኞች ማስረዳት ይከብዳል፤ እዚህ ግን ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ክላምኤቪ በዊንዶውስ ላይ ከበስተጀርባ ሆኖ እያንዳንዱን ፋይል የሚጠብቅ ዘበኛ አይደለም። በዊንዶውስ ማሽኖቹ ላይ ያለውን ዲፌንደር፣ የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ፣ አያጥፉት። ክላምኤቪን መግቢያው በር ላይ እንዳለ ፍተሻ ነው የምንጠቀምበት።

መጫኑ

ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ ነው፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይተየባሉ። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጽፈው የታብ ቁልፍን ቢጫኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላልዎታል።

ተርሚናሉን ይክፈቱና «ሱዶ አፕት አፕዴት» ይበሉ። ሲጨርስ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ክላምኤቪ ክላምኤቪ-ዴመን» ብለው ይዘዙ። በቃ፣ መጫን ማለት ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር ሁሉ ከሦስት መሣሪያዎች በአንዱ ላይ ስለሚሆን ስማቸውን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ፍሬሽክላም የቫይረሶቹን መለያ ከኢንተርኔት እያመጣ የሚያድሰው ነው። ክላምስካን ባዘዙት ጊዜ ብቻ ተነስቶ የሚፈትሽ ነው። ክላምዲ ደግሞ መለያዎቹን ራም ላይ ጭኖ ቀኑን ሙሉ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ሰርቪስ ነው፤ እሱን የምናዘው በክላምዲስካን በኩል ነው።

መለያዎቹ የሚቀመጡት «/ቫር/ሊብ/ክላምኤቪ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሲሆን ዋና ዋናዎቹ ፋይሎች ሦስት ናቸው፦ ሜይን፣ ዴይሊ እና ባይትኮድ። ሜይንና ዴይሊ ተደምረው ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሆናሉ። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፤ ብዙው ጣጣ ከእሱ ነው የሚመነጨው።

አራግፈው አይጫኑ

አፕዴቱ እምቢ ሲል ብዙ ባለሙያ የሚቀናው ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና መጫን ነው፤ ካልሆነም ፎርማት። ለክላምኤቪ ይህ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲያራግፉት የወረደው ዳታቤዝም፣ ማለትም የመለያዎቹ ፋይሎች፣ አብሮ ይጠፋል። እንደገና ሲጭኑት ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነው ፋይል ከዜሮ መውረድ ይጀምራል፤ ካርዱ ያልቃል፤ አንድ ፋይል ደጋግሞ የሚጠይቅን ኮምፒውተር ደግሞ የክላምኤቪ ሰርቨር ለጊዜው ያግደዋል። ችግሩ ያለው ከፕሮግራሙ ውጭ፣ በሰዓቱ ወይም በኔትወርኩ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ተመልሶ እዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ያጋጠመውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ያንብቡ። «/ቫር/ሎግ/ክላምኤቪ» ውስጥ ፍሬሽክላም.ሎግ የሚባል ፋይል አለ፤ «ሱዶ ቴይል» ብለው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ይዩ። መልእክቱ ምን እንደሚል ሳያነቡ ምንም ነገር አይንኩ።

ሰዓቱና ዘመኑ

ሎጉ ላይ ስለ ሰርተፊኬት (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል መታወቂያ) ወይም ስለ ኤስኤስኤል የሚያወራ ስህተት ካለ ኔትወርኩን ከመውቀስዎ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። ይህ በከተማችን በጣም የተለመደ ችግር ነው፤ መንስኤውም ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው፣ ቀኑ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ተሞልቶ መገኘቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላው ሰው ለራሱ ልክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የግሪጎርያኑን ብቻ ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል። ፍሬሽክላም ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ የሚቀርብለት ሰርተፊኬት ደግሞ ዘንድሮ የተሰጠ ነው። ኮምፒውተሩ «ይህ ገና ወደፊት የሚሰጥ ነው» ብሎ አይቀበለውም፤ ግንኙነቱም ይቋረጣል። ብሮውዘሩም ድረ ገጾችን አልከፍትም ሲል፣ አፕትም (የኡቡንቱ ፕሮግራም ጫኚ) «ይህ ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም» የሚል ስህተት ሲያወጣ ካዩ ጥርጣሬዎ እርግጥ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባትሪ አልቋል። በቀላሉ የሚቀየር ነገር ነው፤ ሳይቀየር ግን የቀረው ሥራ ሁሉ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ሦስተኛው ሰዓቱን ይመለከታል። ጠዋት ሁለት ሰዓትን 2፡00 ብሎ የሞላ ኮምፒውተር ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 8፡00 ነው መሆን ያለበት። ዊንዶውስና ኡቡንቱ አንድ ላይ የተጫኑበት ማሽን ከሆነ ደግሞ አንዱ የውስጡን ሰዓት እንደ አዲስ አበባ፣ ሌላው እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚያነቡት የሦስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ስድስቱም ሆነ ሦስቱ ሰዓት ሰርተፊኬቱን ብዙ ጊዜ አያበላሹም፤ አፕትን ግን ሊያስቆሙት ይችላሉ፤ ሎጉንም ለማንበብ ያምታታሉ።

መፍትሔው፦ «ታይምዴትሲቲኤል» ብለው ይጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰዓት ክልሉን ያሳይዎታል። ክልሉን «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ብለው ያስተካክሉ፤ በዚህኛው ላይ የቦታዎቹ ስሞች በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። ቀጥሎ «ሴት-ኤንቲፒ ትሩ» የሚለውን ቢሰጡት ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እያስተካከለ ይሄዳል። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ይህን መስመር ይዘጋዋል፤ ያኔ ኤንቲፒውን አጥፍተው በእጅዎ ይሙሉት፣ በግሪጎርያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ደንበኛው የራሱን አቆጣጠር ማየት ከፈለገ ለብቻው የሚጫን የኢትዮጵያ ካላንደር ያስገቡለት፤ የሲስተሙ ሰዓት ግን አይነካ።

«ሎጉ ተቆልፏል» ሲል

በእጅዎ «ሱዶ ፍሬሽክላም» ብለው ሲያዙ የሎግ ፋይሉን መቆለፍ አልተቻለም የሚል ስህተት ከመጣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ኡቡንቱ ክላምኤቪ ከተጫነ ጀምሮ ፍሬሽክላምን ሰርቪስ አድርጎ አስነስቶታል፤ ሁለት ሆነው አንድ ሎግ ላይ መጻፍ አይችሉም። «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ክላምኤቪ-ፍሬሽክላም» ብለው ያቁሙት፣ ፍሬሽክላምን በእጅዎ ያስኪዱ፣ ሲጨርስ በ«ስታርት» መልሰው ያስነሱት። መልሶ ማስነሳቱ ከተረሳ ኮምፒውተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይታደስም፤ ስለዚህ በ«ስታተስ» መነሳቱን ሳያረጋግጡ ከወንበሩ አይነሱ።

ማውረዱ መሃል ላይ ሲቋረጥ

ትልቁ ፋይል የሚወርደው መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚመጣው ለውጡ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ነው። ችግሩ ፍሬሽክላም በ90 ከመቶ ላይ የተቋረጠን ፋይል ካቆመበት የማይቀጥል መሆኑ ነው፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ቤት ከሆነ የመጀመሪያውን ማውረድ ኔትወርኩ ቀለል ወደሚልበት ሌሊት ያዛውሩት፤ የሌሊት ጥቅልም ዋጋው ይቀላል።

«/ኢቲሲ/ክላምኤቪ» ውስጥ ያለውን የፍሬሽክላም ኮንፊግ (የማስተካከያ ፋይል) ከፍተው «ሪሲቭታይምአውት» የሚለውን መስመር ያንብቡ። ይህ አንድ ፋይል እስኪወርድ የሚፈቀደው የሰከንድ ልክ ነው። አሮጌ መመሪያ አንብቦ 30 ወይም 60 ብሎ የሞላበት ሰው ካለ፣ በዝግተኛ መስመር ያን ያህል ሜጋባይት በዚያ ጊዜ ሊወርድ አይችልም። 0 ያድርጉት፤ ዜሮ ማለት ገደብ የለውም ማለት ነው። እዚያው ሳሉ «ኤግዛምፕል» የሚል ብቸኛ ቃል ያለበት መስመር ካገኙ ይሰርዙት፤ እሱ እስካለ ድረስ ፍሬሽክላም ኮንፊጉን አስተካክሉ እያለ አይነሳም። በኡቡንቱ ጥቅል ውስጥ አይኖርም፤ ከሌላ ቦታ ኮንፊግ የቀዳ ሰው ላይ ግን አይጠፋም።

መብራት በማውረዱ መሃል ከጠፋ ዳታቤዙ ፎልደር ውስጥ ስማቸው በቲኤምፒ የሚጀምር ጊዜያዊ ፎልደሮች ተርፈው ሊቀሩ ይችላሉ። ሲደጋገም ትንሽ ዲስክ ይሞላሉ፤ ዲስክ ሲሞላ ደግሞ አፕዴቱ በሌላ ስህተት ይቆማል። ሰርቪሱን አቁመው እነዚያን ብቻ ያጥፉ። ሜይንን፣ ዴይሊንና ባይትኮድን አይንኩ።

የቁጥር ስህተቶች ሁለት ናቸው። 429 ማለት «በዛ፣ ረፍት አድርግ» ነው። ሎጉ ራሱ እስከ ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለብዎት ይነግርዎታል። ይጠብቁ፤ በየደቂቃው መሞከር እገዳውን አያሳጥርም። 403 ከሆነ ብዙ ጊዜ የክላምኤቪው እትም ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ነው፤ ሲስተሙን ወደሚደገፍ እትም ያሳድጉት፤ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 1.4 የረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው እትም ሆኗል። ፋይሉን በብሮውዘር ወይም በደብሊውጌት በቀጥታ ላውርደው ብሎ የሞከረ ሰውም 403 ሊያገኝ ይችላል፤ ሰርቨሩ የሚቀበለው በፍሬሽክላምና ለዚሁ በተሠሩ መሣሪያዎች በኩል ሲመጡ ነው።

«የዳታቤዙን ቁጥር በዲኤንኤስ መጠየቅ አልቻልኩም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ የኔትወርኩን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን ሰርቨር) ወደ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ይቀይሩት። ሜክሲኮና ለገሀር አካባቢ ባሉ ትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ እንዳሉት ኢንተርኔት በፕሮክሲ (በመካከል ባለ አገናኝ ሰርቨር) የሚያልፍበት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ብሮውዘሩ እየሠራ ፍሬሽክላም ብቻ አይሠራም፤ የፕሮክሲውን አድራሻና ፖርት በኮንፊጉ ውስጥ «ኤችቲቲፒፕሮክሲሰርቨር» እና «ኤችቲቲፒፕሮክሲፖርት» በሚሉት መስመሮች ላይ ይሙሉ።

«ኢንስታሌሽንዎ አርጅቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያስ? እሱ ስለ ፕሮግራሙ እትም ነው የሚያወራው፤ ሥር ላይ ራሱ «አትደንግጡ» ይላል። መለያዎቹ እየወረዱ ከሆነ ለዛሬ ሥራዎን ይቀጥሉ፤ የኡቡንቱ አፕዴት ሲመጣ ይስተካከላል። መለያዎቹ ከ7 ቀን በላይ ሆኗቸዋል የሚለው ግን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱን ዛሬውኑ ይፍቱት።

ኮምፒውተሩ ብዙ ሲሆን

አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ወይም ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ያሉ ማሽኖች ሁሉ በአንድ መስመር ስለሚወጡ፣ ለሰርቨሩ የሚታዩት እንደ አንድ ሰው ነው። አሥሩም ትልቁን ፋይል አንድ ላይ ሲጠይቁ 429 ቢመጣ አይገርምም፤ ዳታውም አሥር እጥፍ ይበላል። እንዲህ ያለ ቤት አንዱን ማሽን ሲቪዲአፕዴት የሚባለውን መሣሪያ ያስገባበት። በፓይተን የተሠራ የክላምኤቪ ቡድን መሣሪያ ነው፤ በፒፕኤክስ ይጫናል፤ «ሲቪዲ አፕዴት» ሲባል ሙሉዎቹን ፋይሎች አውርዶ ያስቀምጣል። ያን ፎልደር በኢንጂንኤክስ ወይም በአፓቺ በሚባል የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ለውስጥ ኔትወርኩ ይክፈቱት፤ በሌሎቹ ማሽኖች የፍሬሽክላም ኮንፊግ ላይ ደግሞ «ፕራይቬትሚረር» ብለው የዚያን ማሽን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10ን፣ ከፊቱ ኤችቲቲፒ አድርገው ይጻፉ። ከውጭ የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ ሌሎቹ በውስጥ ኬብል ይቀበላሉ።

ኢንተርኔት ጨርሶ የሌለው ማሽን ካለ እነዚያኑ ፋይሎች በፍላሽ ይውሰዱለት። ከሲቪዲአፕዴት የመጡት ፋይሎች ዲጂታል ፊርማቸው እንዳለ ነው፤ «ሲግቱል» የሚባለውን ከ«ኢንፎ» ጋር ሲያስኪዱት ፊርማው ትክክል መሆኑን ይነግርዎታል። ሲኤልዲ በሚል መጨረሻ የተቀመጡት ግን እዚያው ማሽን ላይ ተቀጣጥለው የተሠሩ ስለሆኑ ይህ ማረጋገጫ የላቸውም፤ እነሱን ባያዞሯቸው ይሻላል። ከቀዱ በኋላ የፋይሎቹን ባለቤትነት በ«ቻውን» ወደ ክላምኤቪ ተጠቃሚ ይቀይሩ። በሩት (በሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ስም ከቀሩ ፍሬሽክላም በኋላ ሊያድሳቸው ሲሞክር ፈቃድ የለህም ይባላል።

ክላምዲ የማይነሳው ለምንድን ነው?

ዳታቤዙ ካልወረደ ክላምዲ አይነሳም። «ስታተስ» ሲሉት ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም የሚል ቃል ያያሉ፤ ፍሬሽክላምን ጨርሰው ከዚያ ያስነሱት።

ዳታቤዙ እያለ ከወደቀ ጉዳዩ ራም ነው። መለያዎቹ ራም ላይ ሲጫኑ 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛሉ፤ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አድርጎ ስለሚጭን ለጥቂት ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ጠዋት ደህና የነበረው ማሽን ከቀትር በኋላ በድንገት የሚሞትበት። የክላምኤቪ ሰነድ የሚመክረው ቢያንስ 3 ጊጋባይት ነው፤ በየቤቱ ያሉት አሮጌ ዴስክቶፖች ደግሞ 2 ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው። በክላምዲ ኮንፊግ «ኮንከረንትዳታቤዝሪሎድ» የሚለውን «ኖ» ያድርጉት፤ አሮጌውን አውርዶ አዲሱን ይጭናል፤ በዚያ መሃል ፍተሻው ትንሽ ይቆማል እንጂ ማሽኑ አይወድቅም። 2 ጊጋባይት የስዋፕ ፋይልም (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ይጨምሩ። ያም ካልበቃ ክላምዲን አጥፍተው ክላምስካንን ብቻ ይጠቀሙ፤ በእያንዳንዱ ፍላሽ መለያዎቹን እንደገና ስለሚጭን ያዘገማል፣ ግን ይሠራል።

ክላምዲስካን የፍላሹን ፋይሎች «ፈቃድ የለኝም» ብሎ ከመለሰ ክላምዲ የሚሠራው በራሱ የተጠቃሚ ስም ስለሆነ የእርስዎን ፎልደር ማየት አልቻለም ማለት ነው። «ኤፍዲፓስ» የሚለውን አማራጭ ሁለት ሰረዝ አስቀድመው ይጨምሩበት።

በትክክል መሥራቱን መሞከር

«ምንም አልተገኘም» የሚል ውጤት ፍላሹ ንጹሕ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ፈታሹም ሳይሠራ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ኤይካር የሚባል፣ ማንንም የማይጎዳ 68 ባይት የሙከራ ፋይል አለ። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ «ክላምኤቪ-ቴስትፋይልስ» የሚል ጥቅል ጭነው የሚገኙትን ፋይሎች መፈተሽ ይችላሉ። ክላምስካን በእነዚህ ላይ «ፋውንድ» ካላለ ወደ ላይ ተመልሰው ያላነበቡትን ሎግ ያንብቡ።

ደንበኛው ፍላሹን ሲሰጥዎ

ትእዛዙ ክላምስካን ሆኖ፣ ፎልደሮቹን ሁሉ እንዲያይ «አር»፣ የተበከለውን ብቻ እንዲያሳይ «አይ» የሚሉትን አማራጮች ይጨምሩና የፍላሹን ቦታ ይስጡት። ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎች ሊታለፉ ይችላሉ፤ ክላምኤቪ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነን ፋይል በነባሪ አይፈትሽም።

አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ «ሪሙቭ» የሚለውን አማራጭ በሰው ፍላሽ ላይ ፈጽሞ አይጠቀሙ። አንቲቫይረስ ይሳሳታል፤ ማክሮ ያለበት የወርድ ፋይልም የተማሪው ብቸኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጂ ሊሆን ይችላል። በምትኩ «ሙቭ» ብለው አስቀድመው ወደ ፈጠሩት ፎልደር ያዛውሩት፤ ባለቤቱን ጠይቀው ምን እንደሆነ አብራችሁ ታያላችሁ።

«ፋይሎቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ» ብሎ የሚመጣው ደንበኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አልጠፋበትም። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ኡቡንቱ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማያከብር እዚህ ማሽን ላይ ሲሰካ ፎልደሮቹ ይታያሉ፤ አንዳንዴ ስሙ ባዶ የሚመስል ፎልደር ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ። መጀመሪያ የሰውዬውን ሰነዶች ወደ ኮምፒውተሩ ይቅዱለት፤ ቅጂውን ይፈትሹት፤ ከዚያ በፊቱ ሰነዶቹን አንድ በአንድ ከፍተው ያሳዩት። ሁሉም መኖሩን ራሱ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ፍላሹን ፎርማት አድርገው የተፈተሸውን ይመልሱለት። ፍላሹን በሌሎች ኮምፒውተሮችም ሰክቶት እንደነበር ይጠይቁት፤ ከነበረ እነዚያም ዛሬውኑ ይፈተሹ።